«ጠ»ዋን እንዳይነኩብኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ቁጭ ብዬ ጽሑፍ አርማለሁ። አዳማ ላይ የሚሰቀል ታፔላ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት ካርድ፣ የምርቃት ባነር ከመታተሙ በፊት በእኔ ዐይን ሥር ያልፋል። ሰው የገዛ አባቱን ስም እንኳ ሳያነብ «ይታተም» እንደሚል ያወቅሁት እዚህ ነው። ባለፈው ወር አንድ ጎልማሳ የአባቱን ሙት ዓመት «በታላቅ ደስታ ጠርተንዎታል» ብሎ ቢያመጣ፣ «አባትዎን አይወዷቸውም ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀም። እኔም ላስቀው ብዬ አልነበረም።

የቤቱ ባለቤት ትዕግሥት ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ራሷ ናት። እኔን «እትዬ ዘነበች» ትለኛለች። አክብራኝ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ያቺን «እትዬ» በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ማጅራቴን አንድ ነገር ይቆነጥጠኛል።

ግንቦት ላይ ነው፤ አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበት፣ ባጃጆቹ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር የሚኮለኮሉበት ሙቀት ነበር። አንዲት ወጣት ገብታ የታፔላ ጽሑፍ ከስልኳ አሳየችን። «ጫልቱ የሴቶች ጠጉር ቤት» ይላል። ትዕግሥት ሳትጠይቅ «ጠ»ን አጥፍታ «ፀ» አደረገችው።

«ኧረ እንዳትነኪው!» አለች ልጅቷ። «እናቴ ‹«ጠ»ዋን እንዳይነኩብኝ› ብላ ነው የላከችኝ።»

«እህቴ፣ ሰው ይስቅባችኋል እኮ። ጠጉር የገጠር ነው» አለችና ትዕግሥት ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት።»

ስሙና ፊደሏ አንድ ላይ መጡብኝ።

«እናትሽ የየት አገር ሰው ናት?» አልኳት።

«የዓለም ጤና ናት፤ ከሞጆ ወዲያ ያለችው። ምነው፣ ያውቋታል?»

ለትዕግሥት «ተዪው፣ ትክክል ነው» አልኳት። መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ፤ ንጹሕ ነበር።

የተወለድኩት ወንጂ፣ የሸንኮራ ቆራጮች መንደር ውስጥ ነው። አባቴ አገዳ ሲቆርጥ ኖሮ አገዳ ሲቆርጥ ሞተ። እናቴ ከአምስት ልጆቿ ትልቋን፣ እኔን፣ ናዝሬት ላለችው አክስቴ ሰጠችኝ። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። አክስቴ ብዙነሽ በጅቡቲ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት ነበራት። «አስተምራታለሁ» ብላ ነው የወሰደችኝ። «ዘንድሮ ይለፍና» እያለች ሰባት ዘንድሮ አለፈ።

ፊደል ያስቆጠሩኝ እዚያው ምግብ ቤት የሚመገቡ አንድ ሽማግሌ ደብተራ ናቸው። ወረቀት አልነበረኝም፤ ጥላሸት በያዘ ድስት ቂጥ ላይ በጣቴ ያስጽፉኝና መልሼ አጥበው ነበር። ስሳሳት የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ሁለቱን ጸ የማይለይ፣ እናቱንና እንጀራ እናቱን አይለይም።» የጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ፣ የንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ለየሁ። በዓለም ላይ የምኮራበት ሌላ ምንም ነገር አልነበረኝም። ይህን ልብ በሉልኝ። ምንም የሌለው ሰው አንድ ነገር ሲያገኝ ቢላዋ ያደርገዋል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ አክስቴ በጎረቤት ሽምግልና ተሸንፋ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ስትፈቅድልኝም እንዲህ ብላ ነው፦ «ቀን ተማሪ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን የእኔ ነሽ። የማታ ትምህርት የሚባል ነገር ያነሣሽ ቀን ያበቃል።» እውነቷን ነበር፤ ሾፌሮቹ የሚጎርፉት ሲመሽ ነው፣ እኔ ከሌለሁ ድስቱን የሚያነሣው የለም። ፈትነው ሦስተኛ ክፍል አስቀመጡኝ። በሃያ ዓመቴ ስድስተኛ ክፍል ደረስኩ። አጠገቤ የሚቀመጡት የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ነበሩ።

ሕፃናት ጨካኝ አይደሉም የሚል ሰው ሃያ ዓመት ሞልቶት ስድስተኛ ክፍል ተቀምጦ አያውቅም። ሰድበውኝ አያውቁም፤ ያከብሩኝ ነበር። «እትዬ፣ እስክሪብቶ ያውሱኝ።» «እትዬ፣ ልጆቹን ለማን ትተው መጡ?» «እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት» እያሉ በሩ ላይ ይሰለፉና ሳልፍ ይጎነበሳሉ፤ ሳቁ ከኋላዬ ይፈነዳል። ስድብ ቢሆን ለዳይሬክተሩ ይከሰሳል። አክብሮት በምን ይከሰሳል?

በዚያ ግቢ ውስጥ «አንቺ» ያለችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ጫልቱ ትባላለች፤ የዓለም ጤና ገበሬ ልጅ ነበረች፤ ናዝሬት ጋሪ ከሚነዳ አጎቷ ጋር ትኖራለች። የኋላው ዴስክ ላይ እኔን በቁመቴ፣ እሷን በአማርኛዋ ምክንያት አንድ ላይ ጣሉን። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነበር፤ ጸ ሁሉ ለእሷ ጠ ነው። ጠሎት፣ ጠሐይ፣ ጠጉር ትላለች፤ እንዳለችውም ትጽፈዋለች። ደብተሯ በቀይ እስክሪብቶ ደም ይለብስ ነበር። እሷ ግን ምንም አይመስላት። ጠዋት ስገባ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ ዘኔ?» ብላ እንዴት አደርሽ ትለኝና ከቦርሳዋ በጨርቅ የተቋጠረ ጭኮ ታወጣለች፤ ገብስ በቅቤ የታሸ፣ እናቷ ከገጠር የምትልክላት። ጣቷን ልሳ ግማሹን ለእኔ ትቆርሳለች። ጥያቄ ልመልስ ስነሣ ደግሞ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ጀባዱ!» ትላለች፤ በርቺ፣ ጠንክሪ ማለቷ ነው። ሌሎቹ እየጎነበሱ ሲገፉኝ እሷ እየጎሸመች ታቆመኝ ነበር።

የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ አለባበሱ የተስተካከለ ሰው ነበር። እግዜር ግን ጸጉሩን ቀድሞ ወስዶበታል። ከግራ ጆሮው በላይ የቀረችውን ጥቂት አሳድጎ፣ በቅባት አስተኝቶ፣ እስከ ቀኝ ጆሮው ድረስ ያሻግራታል። በበጋ የናዝሬት ነፋስ አቧራ እያዞረ ሲመጣ በአንድ እጁ ጠመኔ፣ በሌላው አናቱን ይዞ ነበር የሚያስተምረን።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ፀጉር» ብሎ ጻፈ። በፀሐዩ ፀ። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ጸጉር በጸሎቱ ጸ ነው።»

የክፍሉ ጣሪያ የተነሣ እስኪመስል ተሳቀ። የሳቁት በፊደሉ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ቃል መካከል ለራሰ በራ ሰው ያረምኩለት ጸጉርን ነበር። እኔ፣ እግዜር ይመስክርብኝ፣ ስለ አናቱ አላሰብኩም። ስለ ፊደሉ ብቻ ነበር የማስበው። ቲቸር ግርማ ግን ያን አላመነም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሲለኝ ልጆቹን አስናቀ።

ጥቅምት ላይ ይመስለኛል፣ ዘግይቼ ገባሁ። ጠዋት የሾፌር ቁርስ በዝቶብን፣ ቀሚሴ ፍርፍር ፍርፍር ይሸታል። ቲቸር ግርማ ጠመኔውን አስቀምጦ በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

«ይግቡ፣ እትዬ፣ ይግቡ። ልጆች፣ ለእናታችሁ ቦታ ልቀቁ። ለመሆኑ በዚህ ዕድሜዎ የሚያጠኑት ለራስዎ ፈተና ነው ወይስ ለልጅዎ?»

ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። ሌላ ምን ይደረጋል? ስቀመጥ ጫልቱ ፊቷ በርበሬ መስሏል። «ቆይ» አለችኝ ጥርሷን ነክሳ፣ «ቆይ፣ አሳየዋለሁ።»

በማግስቱ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በከሰል የተጻፈ ነገር ተገኘ። እያንዳንዱ ፊደል ክንድ ያህላል፦

«የቲቸር ጠጉር ተቆጥሮ አለቀ።»

ለሰንደቅ ዓላማ ስንሰለፍ አየሁት። ወደ ጎን ዞሬ የጫልቱን እጅ አየሁ። ጥፍሮቿ ውስጥ ከሰል ነበር። ብዙ ዓመት ለራሴ «እርግጠኛ አልነበርኩም» ስል ኖሬያለሁ። እርግጠኛ ነበርኩ።

ዳይሬክተሩ ደረጃው ላይ ቆሙ። ቲቸር ግርማ አጠገባቸው ነው፤ ፊቱ የአመድ መልክ ይዟል። ከዚያ ግድግዳ ይልቅ የእሱ ፊት ዛሬ የበለጠ ትዝ ይለኛል። ክፉ ሰው ሲቆስል ያው እንደ ሰው ነው የሚቆስለው።

«ይህን ከፍታ የሚደርስ ተማሪ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው» አለ ቲቸር ግርማ። «እስቲ ይምጡ፣ እትዬ። ክንድዎን ይዘርጉ።»

ሄድኩ። ክንዴን ዘረጋሁ። የመሐል ጣቴ ጫፍ «ጠጉር» የሚለው ቃል አናት ላይ በልክ አረፈ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ኦኦኦ» አለ።

ዳይሬክተሩ ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ነበሩ፤ ነገር ማጥራት አይወዱም። «በቃ። ትልቅ ሰው ከሕፃናት ጋር መማሩ መጀመሪያም ስሕተት ነበር። ከነገ ጀምሮ የማታው ክፍል ትመዘገቢያለሽ» አሉ።

የማታው ክፍል። የአክስቴ ድስቶች በዐይኔ ላይ ተደረደሩ፤ በጥላሸታቸው፣ በቅባታቸው፣ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ። ወደ ሰልፉ እንድመለስ ፈቀዱልኝ። ጫልቱ አጠገብ ስደርስ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ጀባዱ፣ ዘኔ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያም ቀኝ እግሯን አነሣች።

ወደ ፊት ልትራመድ ነበር? እጇን አውጥታ «እኔ ነኝ» ልትል? ወይስ አቧራ ላይ ስለቆመች እግር መቀየሯ ነበር? ስንት ዓመት ከራሴ ጋር ተከራከርኩበት። ላውቅ አልችልም፤ ጊዜ አልሰጠኋትም።

«ጌታዬ፣ እኔ አልጻፍኩትም» አልኩ ጮክ ብዬ። «እኔ ብጽፈው ኖሮ ጸጉርን በጠ አልጽፈውም ነበር።»

ጣቴን አልቀሰርኩም። መቀሰር አላስፈለገም፤ ፊደሏ ቀሰረችልኝ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች አንገት አንድ በአንድ ወደ ጫልቱ ዞረ። ቲቸር ግርማ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ያደማውን ደብተር አስታወሰ።

«ጫልቱ። እጅሽን አሳዪ።»

ከግምጃ ቤቱ ጀርባ የቆመችበትን በርሜል አገኙት፤ የጫማዋ ምልክት አናቱ ላይ ነበረ። ጠጠር ላይ አንበረከኳት። አላለቀሰችም። ከሰዓት በኋላ አጎቷ ተጠርተው ጋሪያቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ፤ አለንጋው በእጃቸው ነበር፣ ግን አልመቷትም። ግድግዳውን አነበቡላቸው።

«ፊደል ቁጠሪ ብለን ላክናት» አሉ ለዳይሬክተሩ፣ «እሷ የሰው ጠጉር ትቆጥራለች?» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «በቃ፣ ነይ። የአባትሽ ሽንኩርት ፊደል አይጠይቅም።»

ጋሪው ላይ ወጣች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቅ ብል ደግ ነበር፤ እንደዚያ ያሰብኩ አይመስለኝም። ጋሪው ሊነሣ ሲል ጎንበስ አለች።

«ዘኔ፣ የቱ ነበር ትክክሉ? በየትኛው ነው የሚጻፈው?»

እኔም፣ ለዚህ ምሕረት የለኝም፣ መለስኩላት። «በጸሎቱ ጸ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ተማሪ። ፈረሱ ተነሣ። አቧራው ወደ ሞጆ መንገድ ይዟቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ መልካም ነው። ቲቸር ግርማ «አንቺ» ይለኝ ጀመር፤ ድርሰቴን ለክፍሉ ያነብብ ነበር። ልጆቹም ተዉኝ፤ ፈርተውኝ ይሁን ንቀውኝ አላጣራሁም። ጭኮ የሚሸተው ዴስክ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ስድስተኛን አለፍኩ፣ ስምንተኛን አለፍኩ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ፤ እስከ ጡረታዬ እዚያው ነበርኩ። ሁልጊዜ እንደምለው፣ መጽሐፍ «እትዬ» አይልም።

በዚያ ቤተ መጻሕፍት፣ ሰው የማይመጣበት አንድ የክረምት ቀን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መዝገበ ቃላት ለጥገና ከመላኬ በፊት ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። ዐይኔ ያረፈው «ጠጉር» ላይ ነው። በጠ። ጸጕር የግዕዙ ነው፣ ጠጉር የአማርኛው። ጸን ወደ ጠ መለወጥ የአማርኛ የቆየ ጠባዩ ነው፤ ጸሐፊዎች በጠ ሲጽፉት ኖረዋል። ደብተራዬ ያስተማሩኝ የግዕዙን ነበር። ቲቸር ግርማ የጻፈው የግዕዙንም የአማርኛውንም አልነበረም። ከሦስታችን መካከል፣ አማርኛን ከእናቷ ያልሰማችው ልጅ ብቻ ነበረች አማርኛውን የጻፈችው። መጽሐፉን ዘግቼ ውሃ ጠጣሁ። ለማንም አልነገርኩም። ለማን ይነገራል?

ትዕግሥት ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ታሳየኛለች፤ ሱፍ የለበሰ ሰው መድረክ ላይ እየተንጎራደደ መከራ ሰውን እንደሚያጠነክር ይናገራል። «እርስዎም እኮ ታሪክዎን ቢነግሩን፣ እትዬ፣ ስንቱ ይበረታበት ነበር» ትላለች። ከወንጂ፣ ከድስት ማጠቢያ፣ ከሃያ ዓመት ስድስተኛ ክፍል መነሣቴን ሰምታለች። ጥንካሬ ትለዋለች። እኔ ጠንካራ ሰው ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው እግሩ ሥር ነው። ጫልቱ በርሜል ላይ ቆማ ግድግዳ ላይ ደረሰች፤ እኔ ጫልቱ ላይ ቆሜ እዚህ ደረስኩ። በርሜሉ እንኳ ባዶ ነበር።

ታፔላው በተሰቀለ በሳምንቱ ሐሙስ ሄድኩ። ወደ መልካሳ የሚሄዱ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ብዙም የማይርቅ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ደጁ ላይ ፓፓያ የምትሸጥ ሴት አለች። ውስጡ የሻምፖና የተጠበሰ ጸጉር ሽታ። ሰፋ ያለች፣ ሻሽ ያሰረች ሴት የአንዷን ደንበኛ ጸጉር ትከፍላለች። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«ጫልቱ፣ ዘነበች ነኝ።»

ማበጠሪያው ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ስለማመደው ያደርኩትን ተናገርኩ። «ልነግርሽ የመጣሁት፣ ያቺ ጠ… ትክክል ነበረች። መጽሐፍ ላይ አይቻታለሁ። ያን ቀን ትክክሏ አንቺ ነበርሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። አማርኛዋ ዛሬ ከእኔ ይጠራል። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነገረችኝ። ለዚህ ነው ታፔላው ላይ ያሰቀልኳት።» ጸጉሩን ለሁለት ከፍላ በመቆንጠጫ ያዘችው። «እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ትክክል ባትሆንስ ኖሮ?»

ትክክል ባትሆን ኖሮ እዚያ ድረስ አልሄድም ነበር። እሷም ይህን ከፊቴ ላይ አነበበችው፤ ይህን ለማንበብ ትምህርት ቤት አያሻም።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ብትሰድበኝ፣ ብታባርረኝ እወድ ነበር። እሷ ግን ወንበር በእጇ አመለከተችኝና፣ በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ያላለችኝን ብቸኛ ነገር አለችኝ።

«ይቀመጡ፣ እትዬ። ወረፋ አለ። ተራዎ ሲደርስ እንጠራዎታለን።»

ተቀመጥኩ። ከእኔ በኋላ የመጡ ሁለት ሴቶች ተጠርተው ታጠቡ። ሦስተኛዋ ተጠራች። ሲመሽ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፤ በሩ አጠገብ፣ በታፔላው ጥላ ሥር፣ መጽሐፌን ይዤ እቀመጣለሁ።

ተራዬ እስካሁን አልደረሰም።